«ጉንፋን ነው፣ ያልፋል»

መስቀልንም አከበርን፤ የዛፉም ቅጠል ቀልቶ መርገፍ ጀምሯል። እንግዲህ የሚኒሶታ ብርድ እየመጣ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚህ ዉድበሪ ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት አለችኝ፤ ሥራዬ ወጥ መሥራትና እንግዳ ማስተናገድ ነው። ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬ ልጅ ሲመጣና ሥራ ሲበዛ አቋርጫለሁ። «ታዲያ ስለ በሽታ መጻፍ አንቺን ምን አገባሽ?» ብትሉኝ አልቀየማችሁም። የምጽፈው እናቴን ላጣት ለጥቂት ስለቀረ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ጊዜው ጃንዋሪ 2024 ነው። ቅዳሜ ለክርስትና የ120 ሰው ምግብ ታዝዤ ነበር። ሌሊት ስነሳ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፤ ወገቤና ጉልበቴ በዱላ የተቀጠቀጡ ይመስላሉ። ሐሙስ ዕለት ከወጥ ቤት ሠራተኞቼ አንዷ ስታስል እንደዋለች አውቃለሁ። እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ትጸልይ ነበርና አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም። ዛሬ ተኚ እንጂ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» አልኳት።

ሁለት ታይለኖል ዋጥኩና ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ስሠራ ዋልኩ። ማታ ከተረፈው ዶሮ ወጥ ይዤ ገባሁ። እናቴ ሳልመጣ እራት አትበላም። እንደ ልማዳችን አንድ ትሪ ላይ ቀረብን፤ በእጄ አጎረስኳት፤ ጉንጯን ስሜያት ተኛሁ። ያን ጊዜ 78 ዓመቷ ነበር፤ ስኳርም አለባት።

ማክሰኞ እሷን ትኩሳት ያዛት። እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፈላሁ፣ ጤና አዳም ጨመርኩ። አንዲት ጎረቤቴ ከአገር ቤት የመጣ ደረቅ ዳማከሴ አመጣችልኝ። ጋቢ ደረብኩላት፤ ንፋስ እንዳይመታት መስኮቱን ሁሉ ዘጋሁ። ትልቁ ልጄ «ማሚ፣ ዶክተር ጋ እንደውል» ቢለኝ «ለጉንፋን ዶክተር ይጠራል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁበት።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ይዤላት ስገባ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከንፈሯ ጠቁሯል። «ስመኝ፣ መጣሽ?» አለችኝ። ስመኝ ከሞተች 20 ዓመት ያለፋት እህቷ ናት። ያኔ 911 ደወልን።

ሆስፒታል አፍንጫዋን በቀጭን እንጨት ነክተው መረመሩ። ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ መጣ፦ ኢንፍሉዌንዛ ኤ፣ በላዩም የሳንባ ምች። የ11 ዓመቷ ልጄ ለአያቷ ልታስረዳ ብላ «እማማ፣ ፍሉ ነው አሉ። ጉንፋን ማለት ነው» አለቻት። እናቴ በዚያ ድካሟ እንኳ ተቆጣች። «ለጉንፋን ነው ይህን ሁሉ ገመድ የቀጠላችሁብኝ?»

ኋላ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አገናኙን። ሰውየው ትልቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ አነጋገሩ የረጋ ነው። «እናቴ፣ ይሄ ተራው ጉንፋን አይደለም። አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት፣ እሱ ወገን ነው» አላት። እናቴ ዝም አለች። ቆይታ አማተበችና «ያ አሁንም አለ?» ብላ ጠየቀች።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «ሕመሙ የጀመራት መቼ ነው?» ማክሰኞ አልኩት። ለኢንፍሉዌንዛ የሚሰጥ መድኃኒት እንዳለ፣ የበለጠ የሚሠራው ግን ምልክቱ በታየ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሲጀመር እንደሆነ ነገረኝ። ለእሷ ዘግይቶም ቢሆን ይሰጣታል አለ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስድስት ሌሊት እዚያ አደርን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋ ወጣች። ደረጃውን ያለ ድጋፍ ለመውጣት ግን ሁለት ወር ፈጀባት።

አንድ ቃል፣ ሁለት በሽታ

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩ፤ ብዙም ጠየቅሁ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር ያሳተን አንድ ቃል መሆኑ ነው። እኛ አፍንጫ ያፈሰሰውንም፣ ያስነጠሰውንም፣ ለሳምንት አልጋ ላይ የጣለውንም በሽታ «ጉንፋን» እንላለን። ፈረንጆቹ ግን ሁለት ስም አላቸው። ተራውን ጉንፋን «ኮልድ» ይሉታል፤ ያኛውን «ፍሉ»። የተለያዩ ቫይረሶች ናቸው።

ተራው ጉንፋን ቀስ ብሎ ይመጣል። ጉሮሮ ይከረክራል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ ሰውየው ግን እየተነጫነጨም ቢሆን ሥራውን ይሠራል። ኢንፍሉዌንዛ ድንገት ነው የሚጥለው። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ይዞት ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። ልጆች ላይ ማስመለስና ተቅማጥም ሊጨምር ይችላል። አረጋውያን ላይ ደግሞ ትኩሳቱ ብዙም ሳይታይ ድካምና መዘባረቅ ሊቀድም ይችላል። ኮቪድም ከዚህ ጋር ስለሚመሳሰል በእርግጠኝነት የሚለየው ምርመራ ነው።

ሌላም አለ። ማስመለስና ተቅማጥ ብቻ ሲሆን «የሆድ ፍሉ» የሚባለው ከስሙ በቀር ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ዝምድና የለውም። እሱ ብዙ ጊዜ ኖሮቫይረስ የሚባለው ነው። ምግብ ቤት ያለን ሰዎች ይህን በግድ እንማራለን፤ ለኖሮቫይረስ የእጅ አልኮሉ ብዙም አይረዳም፣ ሳሙናና ውኃ ነው።

የኅዳር በሽታ

የእናቴ እናት በኅዳር በሽታ ጊዜ የ7 ዓመት ልጅ ነበረች፤ አዲስ አበባ ጉለሌ። ቤታቸው ውስጥ ውኃ የሚያቀብል ጠፍቶ ሁሉም በየመደቡ ተኝቶ እንደነበር ስትናገር እናቴ ሰምታለች። እኔም ልጅ ሆኜ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠል፣ ከተማው በጭስ ሲታፈን አይቻለሁ። «ኅዳር ሲታጠን» ነው የምንለው። ለምን እንደሚታጠን ግን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1918፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ እሳቸውም በጠና ታመው ነበር። በዓለም ዙሪያ የሞተው ደግሞ ወደ 50 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ያኔ በሽታውን የሚያመጣው ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪሞች የሰውን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለይተው ያወቁት በ1933 ነው። ስለዚህ ሰዉ መጥፎ አየር ነው ብሎ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። በሚችለው መንገድ ቤተሰቡን ሊያድን ነበር።

እኔ ይህን ሳስብ የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? እነሱ መድኃኒት አልነበራቸውም፣ ክትባት አልነበራቸውም፤ ግን በሽታውን ፈሩት፣ ስም አወጡለት፣ ከመቶ ዓመት በላይም አልረሱትም። እኔ ሁሉም በእጄ ነበር። ፋርማሲው ከምግብ ቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ብዬ ተውኩት።

ክትባቱ

ከስድስት ወር ዕድሜ በላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ልዩ የሕክምና ምክንያት ከሌለው በቀር፣ በየዓመቱ አንድ ጊዜ የፍሉ ክትባት እንዲወስድ ይመከራል። ቫይረሱ ከዓመት ዓመት መልኩን ስለሚቀይር ያምናው ለዘንድሮ አይበቃም። ከተከተባችሁ በኋላ ሰውነት መከላከያውን ለመሥራት ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። እዚህ አገር በሽታው የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው፤ ስለዚህ ኦክቶበር ሳያልቅ መከተብ ጥሩ ነው። እኔ ለራሴ የያዝኩት በአገራችን አቆጣጠር ነው፦ በመስቀልና በኅዳር ሚካኤል መካከል። ዘግይታችሁ ብታስታውሱም አትተዉት፤ ጃንዋሪም ላይ ይጠቅማል።

ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት የሆኑ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተቡ ሁለት ጊዜ ነው የሚወጉት፤ በመካከሉ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆያል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ጠንከር ያለ ክትባት ስላለ በስሙ ጠይቁ፤ «ለአረጋውያን የሚሰጠው» በሉ። እርጉዝ ሴት ብትከተብ ለራሷም ይበጃታል፣ ገና ያልተወለደውን ልጅ ከተወለደ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ወራትም ይጠብቀዋል። ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ሊከተብ አይችልምና እሱን የሚጠብቀው በዙሪያው ያለነው ሰዎች መከተባችን ነው።

ደንበኞቼ ሒሳብ ሲከፍሉ ስለዚህ ነገር ሳነሳባቸው የሚሉኝን አውቀዋለሁ።

«ክትባቱ ራሱ ያሳምማል» ይሉኛል። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ የለውም፤ ፍሉ ሊያስይዝ አይችልም። ክንድ ያማል፣ አንድ ሁለት ቀን ቀለል ያለ ትኩሳትና ድካም ሊኖር ይችላል። እሱ ሰውነት ሥራ መጀመሩ ነው።

«ተከትቤም ታመምኩ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ይሆናል። ክትባቱ ሁሉንም አያስቀርም። ጥሩ በሚሆንበት ዓመት ሐኪም ቤት የሚያስኬደውን ፍሉ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። የሚይዘውንም ሰው ሆስፒታል ከመግባትና ከሞት ይበልጥ ይጠብቀዋል። የመኪና ቀበቶም ግጭት አያስቀርም፤ ግን ያለ እሱ ልጆቻችንን ጭነን አንወጣም።

«እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ልጆቼም ጤነኞች ናቸው» ይሉኛል። በ2024–25 ወቅት በአሜሪካ በፍሉ የሞቱት ልጆች ከ250 በላይ ናቸው። ከእነሱ መካከል ሌላ ምንም በሽታ ያልነበረባቸውም ነበሩ። መከተብ ይችሉ ከነበሩትና የክትባታቸው ሁኔታ ከታወቀው ውስጥ ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት በሙሉ አልተከተቡም።

«ገንዘብ የለኝም፣ ኢንሹራንስ የለኝም» ለሚል ደግሞ፣ አብዛኛው ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬርም ጭምር፣ ያለ ክፍያ ይሸፍነዋል። ኢንሹራንስ ለሌላቸው ልጆች የሚኒሶታ ጤና ዲፓርትመንት ክትባቱን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያገኙበት ፕሮግራም አለው። የልጃችሁን ክሊኒክ ወይም የካውንቲውን ጤና ቢሮ ጠይቁ። ዉድበሪ ያለን ሰዎች የዋሽንግተን ካውንቲ ነን።

ጉርሻችንና ሰላምታችን

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው በዋናነት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስና ሲያወራ በሚወጣው ትንፋሽና ጠብታ ነው። በእጅም ይተላለፋል፦ እጅ አፍንጫ ይነካል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይነካል። በበር እጀታና በስልክ ላይም እስከ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። በጣም ክፉው ነገር ደግሞ ሰው ሕመሙ ሳይሰማው ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ማስተላለፍ መቻሉ ነው። ከታመመም በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ያስተላልፋል፤ ልጆች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ።

እኛስ እንዴት ነው የምንኖረው? ሦስቴ አራቴ ተሳስመን፣ ተጨባብጠን፣ በአንድ ትሪ በልተን፣ ተጎራርሰን ነው። ማኅበር፣ ዕድር፣ ልቅሶ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ቡና አለ። «ካልመጣሁ ይቀየሙኛል» ብለን ታመንም እንሄዳለን። ይህን ሁሉ እንተው አልልም፤ ያለዚህ እዚህ በረዶ አገር ምን ቀረን? ግን የታመመ ሰው ለአንድ ሳምንት ከሩቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም ቢል ማንንም አልናቀም። ልቅሶ ላይ መገኘት ካልቻላችሁ ደውሉ፤ ስትድኑ ሂዱ። እኔ ምግብ ቤት ውስጥ ሳል ያለበት ሰው ሲመጣ ምግቡን ለብቻው በሳህን አቀርባለሁ፣ አስቀድሜም ለምን እንደሆነ እነግረዋለሁ። እስካሁን የተቀየመኝ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ሁለቱም ተመልሰው መጥተዋል።

ስለ ንፋስም ልጨምር። ከአገር ቤት ታክሲ ጀምሮ «መስኮት ዝጋ፣ ንፋስ ይመታናል» ስንል ኖረናል። ቫይረሱ ግን በመስኮት አይገባም፤ በሰው ነው የሚገባው። በብርድ ወቅት የሚበዛበትም አንዱ ምክንያት ሁላችንም ዘግተን አንድ ቤት ውስጥ ስለምንሰበሰብ ነው፤ ደረቁ የብርድ አየርም ቫይረሱን ይበልጥ ያቆየዋል። ቤት ውስጥ ታማሚ ካለ በቀን የተወሰነ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ መስኮት ከፈት አድርጉ። ለእሱ ጋቢ ደርቡለት።

ከያዛችሁስ?

መጀመሪያ፣ ደውሉ። በተለይ በቤታችሁ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ከ65 በላይ የሆነ ሰው፣ እርጉዝ ሴት፣ ወይም አስም፣ ስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከታመመ፣ ነገ እናየዋለን አትበሉ። በመጀመሪያው ቀን ለክሊኒካችሁ ደውሉና «ፍሉ ሊሆን ይችላል፣ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ያስፈልገዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ታሚፍሉ የሚባለው የታወቀው ነው። ሰዓቱን አስታውሱ፦ 48። እኔን የጎዳኝ እሱን አለማወቄ ነው።

ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ክሊኒክም ሆስፒታልም በነፃ ያቀርቡላችኋል፤ መብታችሁ ነው። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የኔ ልጅ ጎበዝ ናት፣ ግን 11 ዓመቷ ነበር። «ፍሉ»ን «ጉንፋን» ብላ ብትተረጉም የኔን ቃል ነው የደገመችው።

ሦስተኛ፣ ዕረፍትና ፈሳሽ። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ሻይ፣ ውኃ። ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን አትጣሉት፤ ጉሮሮ ያለዝባል፣ ሆድ ያሞቃል። የእናት እጅ ያፈላው ሻይ ሲጠጣ ደግሞ ሰው ይጽናናል። ነገር ግን ሻዩ ከመደወል አያግዳችሁ። ማር ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በፍጹም አይሰጥም። የፈላ ውኃ እንፋሎትም ለልጅ አታድርጉ፤ ድስቱ ተደፍቶ የተቃጠሉ ብዙ ናቸው።

አራተኛ፣ ለትኩሳት ታይለኖል ወይም አይቡፕሮፌን በልጁ ክብደት ልክ ይሰጣል። አይቡፕሮፌን ከ6 ወር በታች ለሆነ አይሰጥም። አስፕሪን ለልጆችና ለወጣቶች አትስጡ፤ ከፍሉ ጋር ሲሆን ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ከሱቅ የምትገዙት የሳል ሽሮፕ ውስጥም የታይለኖሉ መድኃኒት ሊኖር ስለሚችል ጀርባውን አንብቡ፣ ሁለቱን ደርባችሁ እንዳትሰጡ።

አምስተኛ፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣውን አሞክሲሲሊን ተዉት። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። በፍሉው ላይ የሳንባ ምች ሲጨመር ሐኪም ራሱ ያዝዛል፤ ለእናቴም አዘዙላት።

አሁን የምጽፈውን ግን ቆርጣችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። ትንፋሽ ሲፈጥን ወይም ሲያጥር፣ ልጅ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ከንፈር ወይም ፊት ሲጠቁር፣ ደረት ሲያም፣ ሰው ሲዘባርቅ ወይም አልነቃ ሲል፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ ልጅ ለ8 ሰዓት ሳይሸና ሲቀር ወይም ሲያለቅስ እንባ ሲያጣ፣ ትኩሳት በመድኃኒት አልበርድ ብሎ ከ104 ፋራናይት (40 ሴልሺየስ) ሲያልፍ፣ ከ12 ሳምንት በታች የሆነ ሕፃን ማንኛውም ትኩሳት ሲኖረው፣ እንዲሁም ተሻለው ያላችሁት ሰው ትኩሳቱ ወይም ሳሉ ተመልሶ ሲብስ፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት ወይም 911 ደውሉ። ሰዓቱ ሌሊት ነው፣ ሰው አስቸግራለሁ አትበሉ።

ታሞ መሥራት

ሐሙስ ዕለት ስታስል ዋለች ያልኳችሁን ሠራተኛ ረስታችኋል? እናቴ ሆስፒታል ሳለች ደወለችልኝና አለቀሰች። «እትዬ፣ ትኩሳት ነበረኝ። ብቀር ደመወዜ የሚቆረጥ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው።

በዚያው ወር፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ በሚኒሶታ አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ሠራተኛ በሠራው በየ30 ሰዓቱ የአንድ ሰዓት ክፍያ ያለው የሕመም ፈቃድ ያጠራቅማል፣ በዓመት እስከ 48 ሰዓት። ለራሱ ሕመም ብቻ ሳይሆን ለታመመ ልጁና ለእናቱም ይጠቀምበታል፤ ትርፍ ሰዓት የሚሠራም ሆነ ግማሽ ቀን የሚሠራ ያገኛል። አሠሪ በዚህ ምክንያት ሊያባርረው አይችልም። እኔ ሕጉን ሰምቼ ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ለሠራተኞቼ ግን ቁጭ አድርጌ አላስረዳኋቸውም። እንዲያውም እኔ ራሴ ትኩሳት ይዞኝ ስመጣ ሲያዩ «እዚህ ቤት ታሞ መምጣት ነው ደንቡ» ብለው ቢያስቡ ማንን እወቅሳለሁ?

አሁን ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በአማርኛ ተጽፏል፦ «ትኩሳት ያለው ሰው አይመጣም። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከጠፋ 24 ሰዓት ሲሞላውና ሲሻለው ይመጣል። ሰዓቱ ይከፈለዋል።» ባለፈው ዓመት ሁለት ሰው በአንድ ሳምንት ቀርተውብኝ ቅዳሜ ምሳ ዘግቼ ውያለሁ። ገንዘብ ከስሬያለሁ፣ አልዋሽም። ግን እንደዚያ ዓርብ ያለ ቀን አላየሁም።

ልጆች፣ ይህቺ ለእናንተ ናት

ስታስሉና ስታስነጥሱ በክርናችሁ ውስጥ እንጂ በመዳፋችሁ አይሁን። እጃችሁን በሳሙና 20 ሰከንድ ታጠቡ፤ «መልካም ልደት»ን ሁለቴ መዘመር ማለት ነው። ትምህርት ቤት ድንገት ብርድ ብርድ ካላችሁ ለአስተማሪያችሁ ንገሩ፤ ሰነፍ አያሰኛችሁም። አያት እቤት ካለች፣ ሳል ሲይዛችሁ ከሩቅ ሆናችሁ «እወድሻለሁ» በሏት፤ እሷ ይገባታል። መርፌው የሚያመው አንድ ሁለት ብላችሁ እስክትቆጥሩ ነው። የኔዋ ልጅ አሁን 13 ሊሞላት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ፋርማሲ ስንሄድ አያቷን እጇን ይዛ «እማማ፣ ወደዚያ እይ» ስትላት ነበር።

የዘንድሮ ኅዳር

እናቴ 80 ሊሞላት ነው። ኅዳር ሲታጠንን እዚህም አልተወችም። ዉድበሪ ላይ ግቢ ውስጥ ቆሻሻ ማቃጠል በሕግ የተከለከለ መሆኑን ስነግራት «ታዲያ በሽታው ሕግ ያከብራል?» አለችኝ። ተነጋግረን አንድ ነገር ላይ ደረስን። ኅዳር 12 ቀን፣ ዘንድሮ ኖቬምበር 21 ይውላል፣ ቤቱ ይጠረጋል። የመድኃኒት መሳቢያው ይፈተሻል፤ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕና የተረፈ አንቲባዮቲክ ተሰብስቦ ፋርማሲ ወዳለው የመድኃኒት መጣያ ሣጥን ይሄዳል። ቴርሞሜትሩ መሥራቱ ይታያል። ከዚያ እናቴ ሁላችንንም በተራ ትጠይቃለች፤ «አንተ ተከትበሃል? አንቺስ?» ያልተከተበ ካለ በዚያው ቀን ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ዕጣን ታጨሳለች፣ ቡናም ይፈላል።

እናንተም በየቤታችሁ እንዲህ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። ወደ ምግብ ቤቴ ከመጣችሁ ደግሞ ተከትባችሁ እንደሆነ እጠይቃችኋለሁ፤ እንዳትቀየሙኝ።

የመጪውን ብርድ በሰላም ያሳልፈን።